4,000 ብር በልተን 5,060 ብር ከፈልን፦ ሰርቪስ ቻርጁ የማን ነው?

ጥያቄው የመጣው ከፍኖተ ሰላም ነው። ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ የእህቴ ልጅ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመረቀችና ሰባት ሆነን ጣና ዳር ያለ አንድ ሆቴል ምሳ በላን። ሜኑ ላይ ያለውን ስደምር 4,000 ብር ነው። ቫት መኖሩን ስለማውቅ 4,600 አዘጋጀሁ። ሂሳቡ ሲመጣ 5,060 ሆኖ ቁጭ አለ። አስተናጋጇን ስጠይቃት ‹ሰርቪስ ቻርጅ ነው፣ የመንግሥት ነው› አለችኝ። እንግዳ ፊት መከራከሩ አሳፈረኝና ከፈልኩ። ለእሷም 200 ብር ጉርሻ ጨመርኩላት። ማታ ቲክቶክ ላይ ሰርቪስ ቻርጅ በሕግ ተከልክሏል የሚል ቪዲዮ አየሁ። ተበላሁ እንዴ? አልከፍልም ማለት እችል ነበር? ሆቴል የሚሠራ ዘመድ አለኝ፤ ከዚህ ብር ለሠራተኛው የሚደርሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም ይላል። ቢያስረዱኝ።»

አስተናጋጇ ያለችህን እናርም። ሰርቪስ ቻርጅ የመንግሥት አይደለም፣ ታክስም አይደለም። ከሂሳብህ ወደ መንግሥት የሚሄደው ቫቱ ነው። ቫት 15 በመቶ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው ልክ አለ፣ በ2016 የወጣው አዲሱ የቫት አዋጅ ቁጥር 1341ም ልኩን አልነካውም። ሰርቪስ ቻርጅ የተባለው 10 በመቶ ግን ቤቱ ራሱ በምግቡ ላይ የጨመረው ዋጋ ነው። አንዱ ሆቴል ይጨምራል፣ ጎረቤቱ አይጨምርም፣ ሥጋ ቤቱና ጠጅ ቤቱ ጭራሽ አያውቀውም። ታክስ ቢሆን ኖሮ እንዲህ እንደየቤቱ አይለያይም ነበር። ልጅቷ ሆን ብላ ዋሸችህ አልልም። ብዙ አስተናጋጆች ብሩ ምን እንደሆነ በቅጡ የነገራቸው የለም፣ «የመንግሥት ነው» ሲባል ደግሞ ደንበኛው ወዲያው ዝም ይላል፤ ስለዚህ መልሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ይኖራል።

ጉርሻም አይደለም። ጉርሻ ማለት በፈቃድህ፣ በመጠኑም አንተ ወስነህ፣ ለሰው እጅ የምትሰጠው ነው። ብትሰጥ ትሰጣለህ፣ ባትሰጥ የሚጠይቅህ የለም። ሰርቪስ ቻርጅ በቤቱ ደረሰኝ ላይ ታትሞ የሚመጣ፣ በቤቱ ካዝና የሚገባ ገንዘብ ነው። ከዚያ በኋላ ለሠራተኛው መድረስ አለመድረሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እመለስበታለሁ። አሁን የምፈልገው ይህን አንድ ነገር እንድትይዝልኝ ነው፦ ሰርቪስ ቻርጅ ዋጋ ነው። ዋጋ ከሆነ ደግሞ እንደማንኛውም ዋጋ ከመብላትህ በፊት ሊነገርህ ይገባል። የጥያቄህ መልስ በሙሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

ወደ ሂሳቡ እንግባ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ነው። 15 እና 10 ሲደመር 25 ነው፣ ታዲያ ለምን 5,000 አልሆነም? ምግቡ 4,000 ነው። 10 በመቶው 400 ይሆንና 4,400 ይደርሳል። ቫቱ የሚሰላው በ4,000ው ላይ ሳይሆን በ4,400ው ላይ ነው፣ እሱም 660። ድምሩ 5,060። ቫት የሚከፈለው ሻጩ ለሸጠው ነገር በሚቀበለው ክፍያ ላይ ነው፣ ግዴታ ሆኖ የተጨመረ ሰርቪስ ቻርጅም የዚያው ክፍያ አካል ነው። ስለዚህ ሜኑ ላይ ያለው ዋጋ በ26.5 በመቶ ያድጋል ማለት ነው። ሁለቱም እንደሚጨመሩ ካወቅህ ስልክህን አውጥተህ የሜኑውን ድምር በ1.265 አባዛው፣ የምትከፍለውን ቁልጭ አድርጎ ያሳይሃል። አንተ ከጠበቅኸው በላይ የከፈልከው 460 ብር ነው። ከዚያ ውስጥ 400ው ሰርቪስ ቻርጁ ሲሆን 60ው በእሱ ላይ የተሰላ ቫት ነው።

እዚህ ላይ የሂሳብ ሰው ብቻ የሚያየው አንድ ነገር ልንገርህ። ደረሰኝህን አውጣና ቅደም ተከተሉን ተመልከት። አንዳንድ ቤት መጀመሪያ ቫቱን በምግቡ ላይ ያሰላል፣ 600። ከዚያ 4,600ው ላይ 10 በመቶ ይጨምራል፣ 460። ድምሩ ያው 5,060 ነው። ከአንተ ኪስ የወጣው በአንድ ብር እንኳ አይለይም፣ ስለዚህ ማንም አያጉረመርምም። ነገር ግን በዚህኛው አካሄድ በቫትነት የተመዘገበው 600 ብቻ ነው፣ 60ው ብር ወደ መንግሥት መሄድ ሲገባው ሆቴሉ ዘንድ ቀርቷል። ሰርቪስ ቻርጁ ከቫቱ መስመር በታች ተጽፎ ካየህ፣ ወይም ከነጭራሹ ከካሽ ሬጅስተሩ ደረሰኝ ውጭ በእጅ በተጻፈ ወረቀት ላይ ከሆነ፣ የዚያ ቤት ሂሳብ ጤነኛ አይደለም። በትልቅ አዳራሽ፣ በየቀኑ፣ ዓመቱን ሙሉ ስታስበው 60 ብር ትንሽ አይደለችም። ለቫት ያልተመዘገበ ቤት ደግሞ ቫት ብሎ አንድ ሳንቲም መሰብሰብ አይችልም፤ ደረሰኙ ላይ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሳይኖር «ቫት» የሚል መስመር ካየህ እዚያው ጠይቅ።

ቲክቶክ ላይ ያየኸው ውሸት ላይሆን ይችላል፣ የእኛ አገር ግን አይደለም። ምናልባት የሕንዱ ነው። ሕንድ ውስጥ የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣኑ በ2022 እ.ኤ.አ. ምግብ ቤቶች ሰርቪስ ቻርጅን ሳይጠይቁ ሂሳብ ላይ እንዳይጭኑ መመሪያ አወጣ። ባለ ምግብ ቤቶቹ ከሰሱ፣ የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2025 መመሪያውን አጸናው። እንግሊዝ ሌላ መንገድ ሄደች። ክፍያውን አልከለከለችም፤ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ግን ቤቱ የሰበሰበውን ጉርሻና ሰርቪስ ቻርጅ ለራሱ ሳያስቀር ለሠራተኛው እንዲያከፋፍል በሕግ ታስገድዳለች። አሜሪካ ደግሞ የግብር መሥሪያ ቤቱ ግዴታ የሆነውን ክፍያ እንደ ጉርሻ አይቆጥረውም፣ የቤቱ ገቢ ነው ይላል። ስለዚህ ከስልክ ላይ ያየኸውን የሌላ አገር ሕግ ይዘህ ባሕር ዳር ላይ ካሸሯን ብታፋጥጣት ትርፉ መሳቂያ መሆን ነው።

የእኛው ሕግ ምን ይላል? በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴው የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ለሸማቹም ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣል። ደረሰኝ የመስጠት ግዴታም አለ። ይህን ካንተ ጉዳይ ጋር እናገናኘው። ሜኑው ግርጌ ላይ «ዋጋው 15% ቫትና 10% ሰርቪስ ቻርጅ አይጨምርም» የሚል መስመር ከነበረ፣ ፊደሉ የጉንዳን እግር ቢያክልም እንኳ፣ አንብበህ አዝዘሃል ነው የሚባለው፤ ከበላህ በኋላ አልከፍልም ማለት አያስኬድህም። ሜኑው ላይ ከሌለ፣ ግድግዳ ላይም ካልተለጠፈ፣ አስተናጋጁም ካልነገረህ ግን ያልተስማማህበት ዋጋ ነው። ይነሳልኝ ብለህ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለህ፣ እኔም ጠይቅ ነው የምልህ። በመካከል ያለው፣ ማለትም የአማርኛው ሜኑ ላይ የለም፣ የእንግሊዝኛው ላይ ግን አለ፣ ወይም ሜኑው በስልክ የሚነበብ ሆኖ ማስታወቂያው መጨረሻው ገጽ ላይ ተቀብሯል፣ የሚያከራክር ነው፤ እንደኔ ግን ዋጋውን ግልጽ የማድረግ ኃላፊነት የሻጩ ስለሆነ ክርክሩ ወደ አንተ ያደላል።

ስለዚህ ተበላሁ ወይ ላልከው፣ መልሱ ያለው ሜኑው ላይ ነው። እኔ አላየሁትም።

አሁን ዋናው ችግር ጋ ደረስን፣ እሱም ይሉኝታ ነው። ጎጃሜ እንግዳ ጠርቶ ዋጋ አይጠይቅም። ጋባዥ ሆኖ «ይሄ ስንት ነው፣ ምን ይጨመርበታል» ማለት የተጋበዘውን ሰው «ስትበላ ቆጥብ» እንደማለት ይወሰዳል፣ ሰውም አንገቱን ይደፋል። ሆቴሎቹ ይህን በደንብ ያውቃሉ። ሂሳቡ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ሰው ዙሪያህን ተቀምጦ ምርቃት እያወረደልህ ነው፣ ማን ደፍሮ 460 ብር ምንድነው ይላል? ለዚህ መፍትሔው ድፍረት አይደለም፣ ሰዓት ነው። እንግዶቹ ሳይመጡ ግማሽ ሰዓት ቀድመህ ድረስ። ወይም ከዋዜማው ደውል። «ሜኑ ላይ ያለው ዋጋ ሁሉን ያካተተ ነው ወይስ የሚጨመር አለ?» በለው። አለ ካለህ ስንት በመቶ እንደሆነ ጠይቅ። ኬክ ከውጭ የምታስገባ ከሆነም በዚያው አንሣው፣ ከውጭ ለሚገባ ኬክና መጠጥ የሚያስከፍሉ ቤቶች አሉና። አንተ የምርቃት ኬክ ይዘህ ሄደህ ከነበረና በዚህ ካልተጠየቅህ ደግ ቤት ነው የገጠመህ።

ሂሳቡ ከመጣ በኋላስ? ብዙ ቤት መጀመሪያ የሚያመጣልህ የሂሳብ መጠየቂያውን ነው፣ የካሽ ሬጅስተሩ ደረሰኝ የሚወጣው ስትከፍል ነው። መጠየቅ ያለብህ በዚህ መሐል ነው። ማሽኑ አንዴ ደረሰኝ ካወጣ በኋላ ካሸሯ እንደ እርሳስ ጽሑፍ አታጠፋውም፤ የተሸጠው በማሽኑ ማኅደር ውስጥ ተይዟል፣ ለመመለስ የራሱ ሥርዓትና የኃላፊ ፊርማ ይፈልጋል፣ ሰውም እዚህ ላይ ሲደርስ ይሰለቻል። ተነሥተህ ወደ ካሸሩ ሂድ፣ ጠረጴዛው ላይ አታንሣው። ከአስተናጋጇ ጋር አትጨቃጨቅ፣ እሷ አልጫነችውም፣ ልታነሳውም ሥልጣን የላትም። ሱፐርቫይዘሩን ወይም ማናጀሩን ጥራልኝ በል። በተረጋጋ ድምፅ «ሜኑው ላይ አልተጻፈም፣ አልተነገረኝም፣ ይነሳልኝ» ማለት ይበቃል። ማናጀሩ ነገሩ ሰው ፊት እንዲወጣ ስለማይፈልግ ብዙ ጊዜ ይስማማል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ተናድደህ ሳትከፍል እንዳትወጣ። የበላኸውን ምግብ ዋጋ ካልከፈልህ ጥፋቱ ያንተ ይሆናል፣ ቀጥሎ የሚመጣው የጥበቃና የፖሊስ ጣጣ ከ460 ብር በላይ ያስወጣሃል። ይብስ ደግሞ አንዳንድ ቤት የጎደለውን ሂሳብ ከአስተናጋጁ ይቆርጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ እንደፈለገ ከደሞዝ እንዳይቆርጥ ይከለክላል፤ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ አይቻልም፣ በወር የሚቆረጠውም ከደሞዙ ሲሶ አይበልጥም። ወረቀቱ እንዲህ ይላል። ኩሽና በር ላይ ግን ወረቀቱን የሚያነብ ብዙ የለም። ስለዚህ ካልተስማሙልህ ከፍለህ ውጣና ደረሰኙንና የሜኑውን ፎቶ ይዘህ በሌላ በኩል ሂድ።

ዘመድህ ያለው ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ደህና በሚሠራባቸው ሆቴሎች የወሩ ሰርቪስ ቻርጅ ተደምሮ በነጥብ ይከፋፈላል። አስተናጋጅ ይህን ያህል ነጥብ፣ ኩሽና ይህን ያህል፣ አልጋ አንጣፊ፣ ካሸር፣ ጥበቃ እያለ። ፊት ለፊት ያልታየችህ ሳህን አጣቢም ድርሻ አላት፣ ይህ ከጉርሻው የሚሻልበት ገጽ ነው፤ ጉርሻ ቀርቦ ለሚያስተናግድ ሰው ብቻ ነው የሚደርሰው። ነገር ግን ስንት እጁ ለሠራተኛው፣ ስንት እጁ ለቤቱ እንደሚሆን የሚወስነው የቤቱ የሥራ ደንብ ወይም የኅብረት ስምምነት ነው። ሠራተኛ ማኅበር ያለበት ቤት በጽሑፍ ይዞታል። ማኅበር የሌለበት፣ በተለይ መለስተኛው ሆቴል፣ ባለቤቱ «ለተሰበረ ብርጭቆ» ብሎ አንሥቶ፣ «ለዩኒፎርም» ብሎ አንሥቶ፣ የቀረውን እንደ ውለታ ሊያድል ይችላል።

ከዚህ የባሰም አለ። ያው አዋጅ 1156 ከደንበኞች የሚሰበሰበውን የአገልግሎት ክፍያ ከደሞዝ ውጭ አድርጎታል። ምን ማለት መሰለህ? አስተናጋጇ በወር ደሞዟ ትንሽ፣ ከሰርቪስ ቻርጅ የምታገኘው ግን የደሞዟን ያህል ቢሆን እንኳ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያዋ የሚሰላው በትንሿ ደሞዝ ነው። የሥራ ስንብት ክፍያም እንዲሁ። ጡረታም በደሞዝ ላይ ነው የሚሰላው፣ ከሠራተኛዋ 7 በመቶ፣ ከአሠሪዋ 11 በመቶ። በሰርቪስ ቻርጅ የሞላ ኑሮ ለጡረታ አይቆጠርላትም። ለግል ድርጅት ሠራተኛ በአገራችን ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል ስላልተወሰነ ደግሞ ባለቤቱ «ደሞዙ ትንሽ ነው፣ ግን ሰርቪስ አለ» እያለ መቅጠር ይችላል። የሠራተኛውን ደሞዝ በከፊል አንተ እየከፈልክለት ነው፣ ዕዳው ግን ከባለቤቱ መዝገብ ወርዷል። እኔ ሰርቪስ ቻርጅን የማልወደው በዚህ ነው። 10 በመቶው ምግቡ ዋጋ ውስጥ ገብቶ፣ ሜኑው ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ተጽፎ፣ ደሞዙ ደሞዝ ቢባል ሁላችንም እናርፍ ነበር። የሆቴል ባለቤቶች ይህን ስነግራቸው «ጎረቤቴ ርካሽ መስሎ ይታያል» ይሉኛል። አይፈረድባቸውም፣ እውነታቸውን ነው፤ ብቻውን የሚጀምረው ይጎዳል።

200 ብር ጉርሻህን በተመለከተ፦ ሰርቪስ ቻርጅ ያስከፈለ ቤት ጉርሻ የመስጠት ግዴታ የለብህም፣ ይሉኝታም አይያዝህ። ለመስጠት ከፈለግህ ግን ዘዴ አለው። አስተናጋጇን ቀስ ብለህ «ከሰርቪሱ ይደርሳችኋል?» በላት። ፊቷ ይነግርሃል። አይደርስም ካለች ጉርሻውን ለእጇ ስጥ ወይም ወደ ራሷ ቴሌብር ላክላት፣ ከሂሳቡ ጋር ደርበህ ለቤቱ አትክፈል። ከሂሳቡ ጋር የተደረበ ገንዘብ መንገድ ላይ ይጠፋል።

ምግቡን በፌስታል ቋጥረህ ይዘህ ለምትወጣውም 10 በመቶ የሚጭኑ ቤቶች አሉ። ቀድሞ ካልተጻፈ ይህን ያለማመንታት ተቃወም፣ ማን አስተናገደህና!

አቤቱታ ማቅረብ ከፈለግህ በመጀመሪያ ማናጀሩ፣ ካልሆነ የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። የዋጋ አለመለጠፍና የሸማች ቅሬታ የእነሱ ሥራ ነው። የቫቱ አሠራር ከሆነ ያጠራጠረህ ገቢዎች ጋ ነው የሚሄደው። ብር ለማስመለስ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ ካልከኝ ግን አልመክርህም፤ ለ460 ብር ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር የምትመላለስበት ትራንስፖርት ብቻ ይበልጣል። የአቤቱታው ጥቅም ቤቱ ሜኑውን እንዲያስተካክል ማድረጉ ነው፣ ለአንተ ገንዘብ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል።

እንግዲህ ያንተን ጉዳይ እንዲህ ጨርሰው። የእህትህ ልጅም ሆነች ሌላው ተመራቂ የዕለቱን ፎቶ ሲያነሱ ሜኑው አንዱ ፎቶ ላይ መግባቱ አይቀርም፣ ፈልግ። ከሌለ ባሕር ዳር ያለ ሰው ሄዶ እንዲያነሣልህ አድርግ። ግርጌው ላይ ጽሑፉ ካለ ተወው፣ ተነግሮህ ነው የበላኸው። ከሌለ ለሆቴሉ ማናጀር ደውል፣ የደረሰኙን ቁጥር ንገረው፣ 460 ብሩ እንዲመለስልህ ጠይቅ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልሰጠህ ፎቶውንና ደረሰኙን ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ ላክ። 200 ብሩን ግን አታንሣው፣ እሱ የልጅቷ ነው።

ለሰርግ ወይም ለሥልጠና አዳራሽ የምትይዝ ጊዜ ደግሞ በቃል አትስማማ። ፕሮፎርማ አስጽፍ። በአንድ ሰው ስንት፣ ሰርቪስ ቻርጅ አለ ወይስ የለም፣ ቫቱ ተካትቷል ወይስ አልተካተተም፣ ሦስቱም በየመስመራቸው ይጻፉ። ለ300 ሰው ድግስ 400 ብር በአንድ ሰው ተስማምተህ 120,000 ብር ስትጠብቅ 151,800 ሊመጣብህ ይችላል። 31,800ው ከየት መጣ ብለህ መጠየቅ የምትችለው ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ነው።